ወፍጮ ለሁለት አይሰነጠቅም
የማይከፋፈል ሀብትን በሽርክና ስለመያዝ ሸሪዓ ምን ያስተምረናል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዒድ አል-አድሃ ሲቃረብ ሰባት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰንጋ መግዛታቸው በወልዲያም፣ በመርሳም፣ በሐብሩ የገጠር ቀበሌዎችም ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። መሠረቱም ሐዲስ ነው። ሰሃባው ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ በሑደይቢያ ዓመት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሆነው ግመሉንም ላሙንም ለሰባት ለሰባት እንዳረዱ መናገራቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሰንጋው ተገዝቶ እስኪታረድ ባሉት ቀናት ውስጥ የማን ነው? የሰባቱም ነው። ከሰባቱ አንዱ ተነስቶ "ታፋው የኔ ነው" ሊል ይችላልን? አይችልም። የእያንዳንዱ ሰው ከሰባት አንድ እጅ ከቀንዱ እስከ ሰኮናው ድረስ በሰንጋው ሁለመና ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል። የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ተለይቶ ያልተከለለ ድርሻ "ሙሻዕ" ይሉታል። የኡድሂያው በሬ ጣጣው አጭር ነው። ታርዶ፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ሆኖ፣ ሽርክናው በዚያው ቀን ያበቃል።

ችግር የሚመጣው የማይታረደው ሀብት ላይ ነው። አራት ሰዎች ያቆሙት የእህል ወፍጮ፣ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት ሱቅ፣ ከተማ ያለች ሴት ለገጠር ዘመዷ በርቢ የሰጠቻት ጊደር፣ የጊራናና የመርሳ ገበሬዎች አትክልትና ፍራፍሬ የሚያጠጡበት የውሃ ሞተር፣ ከአባት የወረደ ቤት፣ በቅርቡ ደግሞ የአክሲዮን ድርሻ፤ እነዚህ ሁሉ በገንዘብ ሲተመኑ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ዛሬ አስፈልጎኝ ነገ ልሽጣቸው ቢሉ ገዢያቸው በቀላሉ አይገኝም። መግቢያቸው ሰፊ፣ መውጫቸው ጠባብ ነው። ብዙ ወዳጅነትና ብዙ ዝምድና የፈረሰው በመግቢያው በር ላይ ሳይሆን በመውጫው በር ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንመለከተው ሸሪዓ ለዚህ መውጫ በር ያወጣውን ሥርዓት ይሆናል።

ሁለቱ የሽርክና ዓይነቶች

በወሎ ሐሪማዎች ሲቀራ የኖረው የኢማም ነወዊ "ሚንሃጅ" ስለ ሽርክና፣ ስለ ቂራድና ስለ ሹፍዓ የየራሳቸውን ምዕራፍ ይዟል። የጁ ላይ እንደ ዳና ባሉ የዒልም ማዕከላት የተቀመጡ ደረሶች ይህን ጉዳይ በሚገባ ያውቁታል። ሆኖም ዕውቀቱ ከሐሪማ ወጥቶ ገበያ ላይ ሲውል እምብዛም አይታይም።

ሽርክና በመሠረቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው "ሽርከቱል ሚልክ" ነው። ይህም ሰዎች በውርስ፣ በስጦታ ወይም አብሮ በመግዛት አንድን ነገር በጋራ ሲይዙ ነው። ሁለተኛው "ሽርከቱል ዐቅድ" ነው። ይህ ደግሞ ሰዎች ተዋውለው ለመነገድና ለማትረፍ ገንዘባቸውን ሲያቀላቅሉ ነው። ልዩነቱ ቃል ብቻ አይደለም። በሁለተኛው አንዱ ሸሪክ ለሌላው ወኪል ስለሆነ በጋራው ንብረት ላይ ይገዛል፣ ይሸጣል። በመጀመሪያው ግን እያንዳንዱ ሸሪክ በባልንጀራው ድርሻ ላይ እንደ ባዳ ሰው ነው። ያለ ፈቃድ ሊያከራየው፣ ሊሸጠው፣ ሊያስይዘው አይችልም። እንግዲህ ከወንድሞቹ ጋር የወረሰውን ሱቅ ብቻውን አከራይቶ "እኔ ታላቅ ነኝና" የሚል ሰው፣ ታላቅነቱ በሌላው ድርሻ ላይ ምንም ሥልጣን እንዳልሰጠው ማወቅ አለበት።

የርቢዋ ጊደር

ከሁሉ በፊት ወደ አገራችን ልማድ እንምጣ። ገንዘብ ያለው ግን ግጦሽና ጉልበት የሌለው ሰው ጊደር ገዝቶ ለገበሬ በርቢ ይሰጣል። ገበሬው ያረባል፣ ይጠብቃል፤ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ላሚቱ ግን የሰጪው እንደሆነች ትቀራለች። ይህ ልማድ ሁለት ድሃ ቤቶችን አብሮ ያቆመ መልካም መረዳጃ ነው።

ነገር ግን ዑለሞች በዚህ ላይ ተወያይተውበታል። ሐነፊዎች፣ ሸፊዒዎችና ማሊኪዎች ውሉን አይቀበሉትም። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው። ገበሬው የሚሠራበት ደመወዝ ገና ያልተወለደ ጥጃ ነው። ላሚቱ ብትመክን ወይም ብትሞት ጉልበቱ ከንቱ ይቀራል። የማይታወቅ ደመወዝ ደግሞ "ገረር" ነው። ከኢማም አሕመድ በተላለፈ ዘገባና በኢብኑ ተይሚያ አቋም ግን ነገሩ እንደ እኩል እርሻ ታይቶ ይፈቀዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ ከሚያመርቱት በእኩሌታ ሰጥተዋልና ነው።

ከክልከላው ወገን የሆኑት ሐነፊዎች ግን ሰዉን መውጫ አሳጥተው አልተዉትም። መፍትሔያቸው የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የሆነው የጋራ ባለቤትነት ነው። ባለ ጊደሯ ግማሿን ለገበሬው በታወቀ ዋጋ፣ በዱቤም ቢሆን፣ ትሽጥለት። ከዚያ በኋላ ጊደሯ የሁለቱ ናት። ጥጃውም፣ ወተቱም፣ ዋጋዋ ቢያድግም የሁለቱ ይሆናል። ጥጃው ለገበሬው የሚደርሰው በደመወዝነት ሳይሆን በባለቤትነቱ ነውና ገረሩ ይወገዳል።

በምሳሌ እንየው። ጊደሯ 40,000 ብር ብታወጣ፣ ግማሿ ለገበሬው በ20,000 ብር በዱቤ ተሸጠ እንበል። ከአራት ዓመት በኋላ ላሚቱና ሁለት ጥጆቿ ተሸጠው 100,000 ብር ቢያወጡ፣ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ብር ይደርሳል። ገበሬው ከድርሻው የዱቤውን 20,000 ብር ሲከፍል 30,000 ብር ይዞ ይወጣል። ባለ ጊደሯም 70,000 ብር ታገኛለች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። አንደኛ፣ ላሚቱ ያለ ገበሬው ጥፋት ብትሞት ኪሳራው የሁለቱ ነው፤ ነገር ግን የ20,000 ብሩ ዱቤ ከገበሬው አንገት አይወርድም። ይህ ለድሃ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ዋጋው ሲቆረጥ ርኅራኄ ይታከልበት፤ ችግር ሲደርስም ባለ ገንዘቡ ቢያቆይ ወይም ቢምር ምንዳው ከአላህ ዘንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሽያጩና የጥበቃው ሥራ እርስ በርስ ታስረው አንድ ውል መሆን የለባቸውም። የመኖው ወጪ በማን እንደሆነ፣ ገበሬው ለሚጠብቀው የባልንጀራው ግማሽ የታወቀ ዋጋ ይከፈለው ወይስ በፈቃዱ ይሥራው፣ ለብቻው ይነገር። የትኛውን መንገድ መያዝ እንደሚሻል ግን የአካባቢውን ዓሊም መጠየቅ ይገባል።

ወፍጮውን ማን ይከፍለዋል?

አሁን ወደ ወፍጮው እንሂድ። አራት ሰዎች በገጠር ቀበሌ ወፍጮ አቆሙ እንበል። ሁለት ዓመት ሠርተው አንደኛው "ልጄን ልድር ነው፣ ድርሻዬን ስጡኝ" አለ። ምን ይደረግ?

የሚገርመው ነገር "ሚንሃጅ" ስለ ክፍፍል በሚናገርበት ቦታ ይህንኑ ጉዳይ በስሙ ጠርቶ ያነሳዋል። ሲከፈል ጥቅሙ ለሚጠፋ ነገር ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርበው ትንሽ መታጠቢያ ቤትንና ትንሽ ወፍጮን ነው። ይከፈልልኝ ብሎ የጠየቀ ሸሪክ ጥያቄው ተቀባይነት እንደሌለው ይገልጻል። ድንጋዩን አንዱ፣ ሞተሩን ሌላው፣ ቆርቆሮውን ሦስተኛው ቢወስድ ሁሉም ቁርጥራጭ ብረት እንጂ ወፍጮ አይኖረውም። አንዱን ለመጥቀም ሁሉን መጉዳት በኢስላም የለም።

ታዲያ ያ ሰው ታስሮ ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። በፊቅህ የታወቁ አራት በሮች አሉ። አንደኛው "ሙሃያአ" ማለትም በየተራ መጠቀም ነው። አንዱ ወር ለአንዱ፣ ሌላው ወር ለሌላው ይሆናል። ሁለተኛው ወፍጮውን አከራይቶ ኪራዩን እንደ ድርሻ መካፈል ነው። ሦስተኛው ድርሻውን ለሸሪኮቹ ወይም ለውጭ ሰው መሸጥ ነው። አራተኛው ሁሉም ተስማምተው ንብረቱን በሙሉ ሸጠው ዋጋውን መካፈል ነው።

ያልተከለለ ድርሻን መሸጥ የተፈቀደ ስለመሆኑ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሳው በዋጋው ነው። ድርሻው ስንት ያወጣል? የገባበት ገንዘብ አይደለም፤ ዛሬ የሚያወጣው ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ታማኝ ሰዎች ይገምቱት። የወፍጮው ድንጋይ አልቆ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ ቀበሌው መብራት ገብቶለት ደንበኛው በዝቶ ከሆነ ይጨምራል።

ሹፍዓ፦ የሸሪክ ቅድሚያ

ሰው ሸሪኩን መርጦ ይገባል። ነገር ግን ሸሪኩ ድርሻውን ለማያውቁት ሰው ቢሸጥበትስ? ለዚህ ሸሪዓ "ሹፍዓ"ን ደንግጓል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልተከፈለ ንብረት ሁሉ ሹፍዓን እንደወሰኑ፣ ድንበሩ ከተለየና መንገዱ ከተለየ በኋላ ግን ሹፍዓ እንደሌለ ከጃቢር ተዘግቧል። በሌላ ዘገባም ሰው ለሸሪኩ ሳያሳውቅ መሸጥ እንደማይገባው ተነግሯል። ስለዚህ የሱቅ ወይም የቤት ሸሪክ ድርሻውን ለውጭ ሰው ከሸጠው፣ ሌላው ሸሪክ በዚያው ዋጋ ለራሱ የመውሰድ መብት አለው። ከዋጋው ግን አንዲት ብር መቀነስ አይችልም። አብዛኞቹ ዑለሞች ይህን መብት በማይንቀሳቀስ ንብረት ብቻ ይወስኑታል። ሐነፊዎች ለጎረቤትም ጭምር ይሰጡታል። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ለጋራ ባለሀብት ተመሳሳይ የቅድሚያ መብት አለው።

በአገራችን አንድ ነገር መታወስ አለበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የምንሻረከው በቤቱ፣ በግንባታውና በመጠቀም መብቱ ላይ እንጂ በመሬቱ ባለቤትነት ላይ አይደለም። "ከዚህ ቦታ ሩቡ የኔ ነው" የሚል የቃል ወሬ የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ ሊያውቅ ይገባዋል።

ትርፉ በስምምነት፣ ኪሳራው በድርሻ

በሽርክና ውስጥ የማይናወጥ ሕግ አለ። ኪሳራ ምንጊዜም በገንዘብ ድርሻ ልክ ነው። ትርፍን በተመለከተ ሸፊዒዎች እርሱም በድርሻ ልክ ይሁን ይላሉ። ሐነፊዎችና ሐንበሊዎች ደግሞ በስምምነት ሊለያይ እንደሚችል ይቀበላሉ። አንዱ ከሸሪኮቹ ይልቅ የሚሠራ ከሆነ ከድርሻው በላይ ትርፍ ቢያገኝ ይፈቀዳል። "በየወሩ ይህን ያህል ብር ቁርጥ አድርገህ ስጠኝ" የሚለው ግን በሁሉም ዘንድ ሽርክናውን ያፈርሰዋል።

ይህ ሕግ ለአካባቢያችን የወረቀት ትምህርት ብቻ አይደለም። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወልዲያንና መርሳን በያዘ ጊዜ ሱቅ ተዘርፏል፣ ንብረት ወድሟል። የጋራ ንብረት የነበራቸው ሰዎች ሁሉ ፊት የተደቀነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የጠፋው የማን ነው? የሸሪዓ መልስ ግልጽ ነው። ንብረቱን ይዞ ይሠራ የነበረው ሸሪክ "አሚን" ማለትም ባለ አደራ ነው። ካላጠፋና ቸል ካላለ አይጠየቅም። ጥፋቱ በሁሉም ላይ እንደየድርሻው ይወድቃል። በሰላም ጊዜ ትርፍ ሲካፈል ኖሮ በመከራ ጊዜ "ያዋጣሁትን መልስልኝ" የሚል ሰው፣ ያለፈውን ትርፍ ሁሉ ወለድ ሊያደርገው እየጠየቀ መሆኑን ይወቅ። ኪሳራ የማይነካው ገንዘብ ብድር ነው፤ በብድር ላይ በውል የሚጨመር ደግሞ ሪባ ነው።

"ገንዘብዎን እንመልሳለን" የሚለው ማስታወቂያ

ዛሬ "ከሕንፃው ትንሽ ድርሻ ይግዙ"፣ "የአክሲዮን ባለቤት ይሁኑ" የሚለው ጥሪ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር ደርሷል። በነገሩ ብቻ ክፋት የለበትም። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ትልቅ ሥራ ከሌሎች ጋር ሆኖ መሥራቱ የሽርክና ዓላማ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ሊጀምሩ የቻሉትም ብዙ ሰው አክሲዮን ገዝቶ ነው። ሆኖም ከመፈረም በፊት አራት ነገሮችን መመርመር ግዴታ ነው።

1ኛ. ሥራው ምንድን ነው? ድርጅቱ በወለድ፣ በአስካሪ መጠጥ ወይም በሌላ ሐራም የሚሠራ ከሆነ ድርሻው ያው ሐራም ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ይህም ድርሻን ለመሸጥ መውጫውን ያሰፋል። ነገር ግን በገበያው መመዝገብ ለሐላልነት ምስክር አይሆንም።

2ኛ. ዋስትና ተሰጥቷልን? "ያዋጡትን ከነትርፉ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚህ ዋጋ መልሰን እንገዛዎታለን" ከተባለ ነገሩ ሽርክና መሆኑ ይቀርና ስሙ የተለወጠ ብድር ይሆናል። "በዚያን ጊዜ በሚያወጣው ዋጋ እንገዛለን" ቢሉ ግን ችግር የለበትም።

3ኛ. የሚሸጠው ነገር አለ ወይስ የለም? ድርጅቱ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ያለው ሀብት በባንክ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የ1,000 ብር ድርሻ በ1,300 ብር ቢሸጥ ገንዘብን በገንዘብ አብልጦ መሸጥ ነው። መቀመጫውን ጂዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የተዋጣው ገንዘብ ገና ወደ ንብረት ካልተለወጠ የገንዘብ ምንዛሪ ሕግ እንደሚመለከተው አስረድቷል።

4ኛ. ፈቃድ አለው? በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት በዚህ መሥሪያ ቤት በኩል ማለፍ አለበት። ኢማም ወይም የታወቀ ሐጂ ስለገዛበት ብቻ መግዛት ማስረጃ አይሆንም።

ያልተከፈለው ውርስ

በአካባቢያችን ያለው ትልቁ የማይከፋፈል ሀብት የተገዛው ሳይሆን የተወረሰው ነው። አባት ሲሞት "ለእናታችን ክብር" ተብሎ ቤቱ ሳይከፈል ይቆያል። ክፍፍሉን ማዘግየት በፈቃድ ከሆነ አይከለከልም። ነገር ግን ድርሻው ሳይነገር፣ ሳይጻፍ፣ ኪራዩም ሳይከፋፈል ሃያ ዓመት ያልፋል። ያን ጊዜ ድርሻዋ የሚቀልጠው በብዛት እህት ናት።

ሰውየው ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ንብረቱ ከ40 እጅ ይታሰባል። ለሚስት 5፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለሴቷ 7 እጅ ነው። ሱቁ በወር 8,000 ብር ቢከራይ ለእናት 1,000፣ ለወንዶቹ 2,800 2,800፣ ለእህት 1,400 ብር ይደርሳል። ይህች እህት ባል አግብታ ከውርጌሳ ብትርቅም፣ ባሕር ማዶ ብትሄድም፣ በየወሩ 1,400 ብሯ በሱቁ ውስጥ አለ። "ይሉኝታ ይዟት አትጠይቅም" ተብሎ የሚበላ ገንዘብ የወንድም ሐላል አይሆንም። አላህ (ሱ.ወ.) በሷድ ምዕራፍ የነገረንን እናስታውስ። ወደ ነቢዩ ዳውድ የመጡት ተካሳሾች አንደኛው 99 በግ ነበረው፤ ሌላው ያለው አንዲት ብቻ ነበር። ክርክሩም ባለ ብዙው ያችኑ አንዲት ለመጠቅለል በመፈለጉ ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙዎች ሸሪኮች እርስ በርሳቸው ወሰን እንደሚያልፉ፣ ያመኑና መልካም የሠሩ ግን ከዚህ እንደሚለዩ፣ እነርሱም ጥቂቶች እንደሆኑ ተነግሮናል።

ዘካውስ?

ለኪራይ የተያዘ ሱቅ ወይም ወፍጮ በራሱ ዋጋ ላይ ዘካ የለበትም። ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ ከመቶ 2.5 ይወጣል። ድርሻው የተገዛው አትርፎ ለመሸጥ ከሆነ ግን የንግድ ዕቃ ነውና በየዓመቱ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ዘካ አለበት። "ገና አልተሸጠም" ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በከብት ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሁለት ሰዎች 20 20 በግ ቀላቅለው ዓመት ቢያሰማሩ፣ በሸፊዒዎች ዘንድ እንደ አንድ መንጋ ታይቶ ከ40ው አንድ በግ ይወጣል። በሐነፊዎች ዘንድ ግን አንዳቸውም ኒሷብ አልሞሉምና ዘካ የለባቸውም።

በጽሑፍ ይሁን

ቁርአን ዱቤን በጽሑፍና በምስክር እንድናጸና አዞናል። ዓመታት ለሚዘልቅ ሽርክናማ ጽሑፍ ይበልጥ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ወፍጮ፣ ሱቅ፣ ላም ወይም የውሃ ሞተር በጋራ የሚይዙ ሰዎች ቢያንስ እነዚህን ይጻፉ፦ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እጅ እንደሆነ፤ ማን እንደሚያስተዳድርና ምን እንደሚያገኝ፤ ጥገናና ግብር በማን እንደሚከፈል፤ ሒሳብ በየስንት ጊዜው እንደሚታይ፤ መውጣት የፈለገ ከስንት ወር በፊት እንደሚያሳውቅና ማን እንደሚገምት፤ አንዱ ቢሞት ወራሾቹ እንዴት እንደሚስተናገዱ፤ ክርክር ቢነሳ በየትኛው ሽማግሌ እንደሚታይ። የቤትና የሕንፃ ውል ደግሞ ተጽፎ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ካልጸና በሕግ ፊት ረዳት አይኖረውም።

"እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። ወረቀቱ ወንድማማችነቱን ለመጠበቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት የንግድ ሸሪካቸው የነበሩት አስ-ሳኢብ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መካ በተከፈተች ጊዜ፣ ሲያገኟቸው የማይከራከሩና የማይጣሉ መልካም ሸሪክ እንደነበሩ መስክረውላቸዋል። ሽርክና አብቅቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሸሪክህ ገበያ መካከል ሲያገኝህ እንዲህ ብሎ ሊመሰክርልህ ከቻለ ድርሻህ አልጠፋም።

ወላሁ አዕለም።